ጣቶቹ ክብ መሥራት ሲሳናቸው

ሐኪሟ ከታካሚው ፊት ለፊት ተቀምጣ የአውራ ጣቷንና የሌባ ጣቷን ጫፍ ገጠመች። በሁለቱ ጣቶች መካከል የተስተካከለ ክብ ተሠራ። «እስቲ እንደዚህ ያድርጉ» አለችው። የግራ እጁ ወዲያው ታዘዘ። ቀኙ ግን አልሆነለትም። ሁለቱ ጣቶች ተገናኙ እንጂ የጫፍ መገጣጠሚያቸው አልታጠፍ ብሎ በሆዳቸው ተለጣጠፉ፤ ክብ መሆን የነበረበት ቅርጽ ተጨፍልቆ ሾጠጥ አለ። «ጠንከር ያድርጉት» ስትለው ጣቶቹ ጭራሽ ተዘረጉ።

መርፌ አንሥታ የጣቶቹን ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። ይሰማዋል። መዳፉንና የክንዱንም ቆዳ ሞከረች፤ የማይሰማው ቦታ አልተገኘም። መደንዘዝ የለም፣ እብጠት የለም፣ የተሰበረ አጥንት የለም። ሆኖም ከሳምንታት በፊት ትከሻውንና ክንዱን እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ይዞት ነበር። ሕመሙ ለቀቀኝ ባለ ማግሥት ነው ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ መቁረስና እስክሪብቶ አጥብቆ መያዝ የተሳነው።

ይህ ትዕይንት የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የነርቭና የእጅ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች በጥቂት ልዩነት ደጋግመው የሚያዩት ነው። ሕመሙ አንቲሪየር ኢንተሮሲየስ በሚባለው ነርቭ ስም ይጠራል፤ በእጅና በክንድ ላይ ከሚደርሱ የነርቭ ሽባነቶች ከመቶ አንዱን እንኳ አይሞላም ተብሎ ሲገመት የኖረ ነው። ብዙ ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው አንድም ጊዜ ላያገኙት ይችላሉ። ብርቅ መሆኑ ግን ለተቸገረው ሰው ነገሩን አያቀልለትም። ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው ሲላክ «ስሜትህ ደህና ነው፤ ራጁም ደህና ነው» እየተባለ ይመለሳል፤ እጁ ግን አይታዘዝለትም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ጥያቄው ከሰባ ዓመት በላይ አከራክሯል፤ የተሰጠው መልስም ሁለት ጊዜ ተገልብጧል። ድክመቱ የሚታየው ከክርን በታች ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ጥፋቱም እዚያው ተፈለገ። የሕመምተኛው ዕጣ ዛሬም በአብዛኛው የሚወሰነው ሐኪሙ የትኛውን የክንድ ክፍል ለመመርመር በማሰቡ ነው።

ሦስት ጡንቻ የሚያዝዝ ነርቭ

ከአንገት አከርካሪ የሚወጡት የነርቭ ሥሮች በአንገትና በብብት መካከል ተጠላልፈው ካለፉ በኋላ ወደ እጅ የሚወርዱትን ትልልቅ ነርቮች ያስገኛሉ። ከነዚህ አንዱ ሚዲያን ይባላል። በላይኛው ክንድ ውስጠኛ ወገን ወርዶ በክርን ፊት ለፊት ያልፍና እስከ መዳፍ ይዘልቃል። ከክርን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ትልቁን ቅርንጫፉን ይለቅቃል፤ ስሙ የተነሣው ነርቭ ይኸው ነው። ጡንቻዎቹ ሥር ጠልቆ ይገባና የክንድን ሁለት አጥንቶች በሚያያይዘው ሽፋን ላይ ተኝቶ እስከ እጅ አንጓ ይወርዳል።

በመንገዱ ሦስት ጡንቻዎችን ያዝዛል። አንደኛው የአውራ ጣትን ጫፍ ያጥፋል። ሁለተኛው የሌባ ጣትን፣ በብዙ ሰው ደግሞ የመካከለኛ ጣትን ጫፍ ያጥፋል። ሦስተኛው ከአንጓ በላይ ያለ ጠፍጣፋ ጡንቻ ነው፤ መዳፍን ወደ መሬት ለማዞር ያግዛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከታወኩ ጥቃቅን ነገር ቆንጥጦ መያዝ አይቻልም። መርፌ ውስጥ ክር መክተት፣ ሳንቲም ከመሬት ማንሣት፣ እንዝርት ማሾር፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ ጉርሻ መጠቅለል፣ እነዚህ ሁሉ ጫፋቸው የሚታጠፍ ሁለት ጣቶችን ይጠይቃሉ። የአውራ ጣትን ጫፍ ብቻ የሚያጥፈው ረጅም ጡንቻ በሰው ዘንድ ራሱን ችሎ የዳበረ ነው፤ በቺምፓንዚና በጎሪላ ክንድ ውስጥ እንደዚህ አልዳበረም። የሰው እጅ ለረቂቅ ሥራ ካለው ችሎታ ከፊሉ በዚህ ጡንቻና በዚህ ነርቭ ላይ የቆመ ነው።

ነርቩ ከእጅ አንጓ መገጣጠሚያ ስሜት ይቀበላል እንጂ ወደ ቆዳ የሚላክ ክር የለውም። ታካሚው መደንዘዝ የማይሰማውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በእጅ አንጓ ላይ ያለው የሚዲያን ነርቭ መጨቆን፣ ካርፓል ተነል የሚባለው፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል፣ እጅ ያስራግፋል። ይህኛው ግን ኃይል ብቻ ነው የሚወስደው። በዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ የጅማት መበጠስ ተደርጎ ይታሰባል።

ስሕተቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ለረጅም ዓመታት ሩማቶይድ የተባለ የመገጣጠሚያ ቁጣ ያለባቸው ሰዎች በአንጓቸው ውስጥ ሻካራ በሆነ አጥንት ላይ የሚተሸው የአውራ ጣት ጅማት ቀስ በቀስ ሊበጠስ ይችላል፤ ስዊድናዊው የእጅ ቀዶ ሐኪም ማነርፌልት ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 የገለጸው ጉዳት ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ሙከራ ቀላል ነው። ሐኪሙ የታካሚውን አንጓ ወደ ኋላ ሲያጥፈው ጅማቱ ጤነኛ ከሆነ አውራ ጣት በራሱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የተበጠሰ ከሆነ ግን ተዘርግቶ ይቀራል። ይህን ሳይሞክር ጅማት ሊሰፋ ቆዳ የከፈተ ሐኪም ምንም ያልተበጠሰ ጅማት ሊያገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው መልስ፦ ብግነት

እ.ኤ.አ. በ1948 ሞሪስ ፓርሶኔጅና ጆን አልድረን ተርነር የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች 136 ሰዎችን የያዘ ጽሑፍ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። አብዛኞቹ ታካሚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተመረመሩ ወታደሮች ነበሩ። ታሪካቸው ይመሳሰል ነበር፦ ድንገተኛና ብርቱ የትከሻ ሕመም፣ ሕመሙ ጋብ ሲል የጡንቻ መስነፍ፣ ከዚያም መክሳት። ይህ ሕመም ዛሬ በሁለቱ ሰዎች ስም፣ ፓርሶኔጅ ተርነር ተብሎ ይጠራል። በብዛት የሚይዘው ትከሻን ነው፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን የአውራ ጣትንና የሌባ ጣትን ጫፍ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ሰንፈው ተገኙ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ሌስሊ ኪሎህና ሳሙኤል ኔቪን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ድክመቱ በዚህ አንድ ነርቭ ብቻ የተወሰነባቸውን ሁለት ታካሚዎች ገለጹ። ሕመሙ ኪሎህ-ኔቪን የሚል ተጨማሪ ስም ያገኘው በዚህ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች ስለ ክንዱ ነርቭ የሰጡት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፤ ነርቩ ተቆጥቷል፣ ተቃጥሏል፣ በውጭ የጨቆነው ነገር ግን የለም።

መደምደሚያው ብዙ አልቆየም።

ሁለተኛው መልስ፦ መጨቆን

ከ1960ዎቹ ጀምሮ የእጅ ቀዶ ሕክምና በፍጥነት አደገ። ሐኪሞች ክንድን እየከፈቱ ነርቩን በዓይናቸው ማየት ጀመሩ፤ በአጠገቡም የሚያስጠረጥሩ ነገሮች አገኙ። በ1965 ፈርንና ጉድፌሎ የተባሉ ሐኪሞች ነርቩ በጅማት መሰል ገመድ ተጨቁኖ ማግኘታቸውን ጻፉ። በ1970 አሜሪካዊው ሞርተን ስፒነር የሕመሙን ልዩ ልዩ ገጽታዎች ዘርዝሮ ያወጣው ጽሑፍ የቀዶ ሐኪሞች መመሪያ ሆነ።

የተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ጡንቻ ጠንካራ ጠርዝ አለው። ጣቶችን የሚያጥፈው ጡንቻ ከላይ እንደ ቅስት የተሠራ ጠርዝ አለው። ከወትሮው መንገድ ወጥቶ የሚያልፍ የደም ሥር፣ የረጋ ደም የዘጋው ሥር፣ ትንሽ እጢ፣ እነዚህም ታይተዋል። ከሁሉም በላይ የተከሰሰው ጋንትሰር የተባለ ጀርመናዊ በ1813 የገለጸው ተጨማሪ የጡንቻ ራስ ነው፤ ነርቩ አጠገብ ስለሚያልፍ ጨቋኙ እሱ ነው ተባለ።

መጨቆን በእርግጥ ሊደርስ ይችላል። በጣም የጠበቀ ጄሶ ወይም ማንጠልጠያ፣ ክርንን አጥፎ ከባድ ነገር ለረጅም ጊዜ መሸከም፣ ክንድን ያለ ልክ ማሠራት፣ ከክርን ጉድጓድ ደም ሲቀዳ መርፌው መሳቱ ወይም ደም ፈስሶ መቋጠሩ፣ ይህን ሕመም አስከትለው ተመዝግበዋል። ጩቤ ወይም የመስታወት ስብርባሪ ነርቩን ከቆረጠው ደግሞ ምክንያቱ አያከራክርም።

ነገር ግን ወደ ኋላ መለስ ብሎ ላሰበ ሰው አንድ የማይዋጥ ነገር ነበር። ያ ተጨማሪ የጡንቻ ራስ በአካል ጥናት ሲፈተሽ ወደ ግማሽ በሚጠጋ የሰው ክንድ ውስጥ ተገኝቷል። የጡንቻዎቹ ጠንካራ ጠርዞችም የጤነኛ ሰው አካል ናቸው። ይህን ያህል ሰው ጨቋኙን በክንዱ ይዞ እየዞረ ሕመሙ ለምን ብርቅ ሆነ? መጨቆን ቀስ በቀስ የሚሠራ ነገር ሆኖ ሳለ ድክመቱ በብዙዎች ላይ በቀናት ውስጥ ለምን መጣ? ሕመሙስ ለምን ከትከሻ ጀመረ? ክንዳቸው ተከፍቶ የተፈቱትም ሆኑ ሳይነኩ የቆዩት ብዙዎች በኋላ መዳናቸው ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፤ ያዳነው ቢላዋው ይሁን ጊዜው መለየት አስቸገረ።

ከክርን በላይ የተገኘው

ሚዲያን ነርቭ ከውጭ ሲያዩት አንድ ገመድ ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ጥቅሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ጥቅል ወደ ተወሰነ ጡንቻ ወይም ወደ ተወሰነ የቆዳ ክፍል የሚሄዱ ክሮችን ይይዛል። ለሦስቱ ጡንቻዎች የተመደበው ጥቅል ከክርን በታች በቅርንጫፍነት ከመለየቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በላይኛው ክንድ ውስጥ ሳለ፣ ቦታውን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ጥቅሉ ላይ ሳለ ከታመመ የሚታየው ምልክት ቅርንጫፉ ታች ሲታመም ከሚታየው ጋር አንድ ነው። እርሻው ግርጌ ያለው ቦይ ደርቆ የተገኘ እንደሆነ ውሃው የተሰበረው ራስጌ ሊሆን እንደሚችል ገበሬ ያውቃል፤ በሕክምናው ዓለም ግን ፍለጋው ለአሥርት ዓመታት ከግርጌው አልወጣም።

ራስጌውን የከፈቱት በዋናነት የጃፓን ቀዶ ሐኪሞች ናቸው። ኢንግለርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1976 ተመሳሳይ ነገር ጽፎ የነበረ ቢሆንም ሰፊ ትኩረት ያገኘው አኪራ ናጋኖና ባልደረቦቹ በ1996 ያወጡት ጽሑፍ ነው። ያለ አደጋ ይህ ሽባነት ለደረሰባቸው ሰዎች ከክርን በላይ ያለውን ሚዲያን ነርቭ ከፈቱ፤ የውጭ ሽፋኑን ገልጠው ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ለያዩ። ወደ ሦስቱ ጡንቻዎች የሚሄደው ጥቅል በአንድ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ቦታ ወገቡ ቀጥኖ፣ ከላይና ከታቹ ተነፍቶ፣ የአሸዋ ሰዓት መስሎ ተገኘ። በውጭ ያሠረው ገመድ አልነበረም፤ የጨቆነውም ጡንቻ አልነበረም። መጥበቡ የመጣው ከራሱ ከጥቅሉ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ነርቭን ሳይከፍቱ የሚያሳዩ መሣሪያዎች ደረሱ። በጀርመን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ኒውሮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት በከፍተኛ ጥራት የነርቭ ኤምአርአይ የተደገፈ ነበር። ከብብት እስከ አንጓ ያለው ነርቭ በሥዕል ሲታይ የታመሙት ጥቅሎች በላይኛው ክንድ፣ በዋናው ሚዲያን ነርቭ ግንድ ውስጥ ተገኙ። በኒው ዮርክ በሚገኝ የአጥንትና መገጣጠሚያ ልዩ ሆስፒታል የሚሠሩ የራዲዮሎጂ ሐኪሞችም የፓርሶኔጅ ተርነር ሕመምተኞችን ነርቮች ሲያነሡ እነዚያኑ የቀጠኑ ወገቦች በተደጋጋሚ አዩ። ዛሬ ከፍተኛ ጥራት ያለው አልትራሳውንድም በሠለጠነ እጅ ሊያሳያቸው ይችላል።

የ1948ቱና የ1952ቱ ሐኪሞች መደምደሚያ ተመለሰ ማለት ነው። ያለ አደጋ በድንገት የሚመጣው ሕመም በአብዛኛው የነርቭ ብግነት ነው፤ ቦታውም ከክርን በላይ ነው።

መከላከያው ወደ ራሱ ሲዞር

ብግነቱን ምን ይለኩሰዋል? ይህን በሰፊው ካጠኑት መካከል በኔዘርላንድ ናይሜገን ከተማ ያለው የራድቦውድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቀዳሚ ነው። የነርቭ ሐኪሟ ኔንስ ቫን አልፈን ከባልደረባዋ ጋር በ2006 የ246 ታካሚዎችን ታሪክ አሳትማለች። ከመቶ ዘጠና በላይ በሚሆኑት ላይ ነገሩ የጀመረው በብርቱ ሕመም ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ቀናትና ሳምንታት አንድ የሚያስታውሱት ነገር ነበራቸው፤ ኢንፌክሽን፣ ያልለመዱት ከባድ የአካል ሥራ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ በጥቂቶቹ ደግሞ ክትባት። ወንዶች ከሴቶች ይበዙ ነበር።

የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል። አንዳንድ ሰው ነርቮቹ በዘር ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ብዙ የሚንቀሳቀሰውና የሚለጠጠው የትከሻና የክንድ ነርቭ ደግሞ ከደም ጋር ያለው መከለያ በሥራ ብዛት ሊላላ ይችላል። በዚህ ላይ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ነገር የሰውነትን በሽታ መከላከያ ሲያስቆጣው መከላከያው የራሱን ነርቭ ያጠቃል። የዘሩ ነገር ግምት ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ ከሚደጋገምባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ሴፕት ዘጠኝ በሚባል ዘረ መል ላይ ለውጥ እንዳላቸው በ2005 ታውቋል።

ኢንፌክሽኑ አንዳንድ ጊዜ ስም አለው። በኔዘርላንድና በእንግሊዟ ኮርንዎል 47 የትከሻና የክንድ ነርቭ ብግነት ታካሚዎች ደማቸው ሲመረመር አምስቱ ሕመሙ በጀመረበት ወቅት ሄፓታይተስ ኢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ይዟቸው እንደነበር በ2014 ታተመ። ከአሥር አንድ ማለት ነው። በኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ደግሞ ሄፓታይተስ ኢ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ክንድ እንደሚታመሙና ጉዳቱ ድያፍራም የተባለውን የመተንፈሻ ጡንቻ እስከሚያዝዘው ነርቭ ሊደርስ እንደሚችል አሳዩ።

በአውሮፓ ይህ ቫይረስ በአብዛኛው የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የአሳማ ሥጋ ነው። በኢትዮጵያና በጎረቤቶቿ መንገዱ ሌላ ነው፤ በተበከለ ውሃ ይዛመታል፣ የቫይረሱ ዝርያም የተለየ ነው። ከደቡብ ሱዳን ሸሽተው ጋምቤላ በገቡ ስደተኞች መጠለያዎች በ2014 የተነሣው ወረርሽኝ ለዚህ ምስክር ነው። ከነርቭ ጉዳት ጋር ተያይዘው የተመዘገቡት ታካሚዎች አብዛኞቹ አውሮፓ ውስጥ ያለው ዝርያ የያዛቸው ናቸው። ቢሆንም ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የሰነበተ ሰው ትከሻዬን አመመኝ፣ ጣቴ አልታጠፍ አለኝ ሲል የጉበት ምርመራ ማዘዝ ከባድ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ብርቅነቱም ቢሆን እንደገና መታየት ነበረበት። የትከሻና የክንድ ነርቭ ብግነት በዓመት ከ100,000 ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ያህሉን ብቻ ይይዛል ሲባል ኖሮ፣ የናይሜገን ሐኪሞች አጠቃላይ ሐኪሞችን አሠልጥነው አዲስ የአንገት፣ የትከሻና የክንድ ሕመም ይዘው የመጡትን ሁሉ አንድ ዓመት ሲከታተሉ ከ1,000 ሰው አንድ ሆኖ አገኙት፤ ውጤቱ በ2015 ታትሟል። ሕመሙ በዝቶ አይደለም፤ የሚያውቀው ዓይን ስለበዛ ነው።

ከዛፍ የወደቀው ልጅ

በልጆች ዘንድ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በአብዛኛው መውደቅ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ከዛፍ፣ ከአጥር ወይም ከአልጋ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይቀበላል፤ ከክርን በላይ ያለው ቀጭን የአጥንት ክፍል ይሰበራል። የላይኛው የአጥንት ስባሪ ወደ ፊት ሲገፋ ሚዲያን ነርቭን ይለጥጠዋል ወይም ይወጥረዋል። ወደ ሦስቱ ጡንቻዎች የሚሄደው ጥቅል በነርቩ ጀርባ በኩል፣ ለአጥንቱ ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። እጅግ በሚበዛው በዚህ ዓይነት ስብራት ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው ነርቭ ይኸው አንቲሪየር ኢንተሮሲየስ ነው ይባላል፤ እዚህም ጉዳቱ የሚደርሰው ከቅርንጫፉ በላይ ነው።

ልጁ ግን አይናገርም። ክርኑ አብጦ እያለቀሰ ነው፤ ቆዳው ሲነካ ይሰማዋል፤ ጣቶቹን አንቀሳቅስ ሲሉት ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ በእንግሊዝ የአጥንት ሐኪሞች አንድ የልጆች ጨዋታ ወደ ድንገተኛ ክፍል አምጥተዋል። ልጁ እጁን እንደ ድንጋይ ይጨብጣል፣ እንደ ወረቀት ይዘረጋል፣ በሁለት ጣት መቀስ ይሠራል፣ በመጨረሻም አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ክብ ይሠራል። አራቱ ምልክቶች በደቂቃ ውስጥ የእጁን ዋና ዋና ነርቮች ይፈትሻሉ፤ ክቡ የተሳነው ልጅ ይህኛው ነርቭ ተጎድቶበታል። በአመዛኙ የምሥራች አለው፤ ነርቩ አልተቆረጠምና አጥንቱ ከተስተካከለ በኋላ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ያገግማሉ።

በኢትዮጵያ ይህ ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ ቋንቋ አዋቂ ነው፣ ዋጋው አይከብድም፤ ብዙ ቀላል ስብራቶችንም አድኗል። አደጋው ያበጠ ክንድ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሠር ነው። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ በክንዱ ጡንቻዎች ውስጥ ያለው ግፊት ከደም ሥሮቹ ግፊት ይበልጣል፤ ደም ይቋረጣል። የሚጎዱት በመጀመሪያ ጥልቅ ያሉት ጡንቻዎች ናቸው፤ የአውራ ጣትን ጫፍና የጣቶችን ጫፍ የሚያጥፉት ማለት ነው፤ ነርቩም በመካከላቸው ተኝቷል። ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1881 እንደገለጸው ጡንቻው ሞቶ ይኮማተራል፣ ጣቶቹም ተጣጥፈው ይቀራሉ። ከዚያ ከባሰ እጁ ጠቁሮ ይሞታል፤ በወጌሻ ከታሠረ በኋላ በሞተ እጅ ምክንያት መቆረጥ የደረሰባቸው ልጆች በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የታተሙ ጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ይገኛሉ።

ጄሶ ሆነ ቀርከሃ፣ ምልክቱ አንድ ነው። የታሠረ ልጅ ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ ጣቶቹን ሰው ሲዘረጋለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ እስሩ ያኔውኑ መፈታት አለበት። እስኪነጋ መጠበቅ ክንዱን ያሳጣል፤ ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው።

መጠበቅ ወይስ መክፈት

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው የጊዜ ጥያቄ ነው። የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካው ምርመራ የትኛው ጡንቻ ነርቩን እንዳጣ ያሳያል፤ ነገር ግን ሕመሙ ከጀመረ ከሦስት ሳምንት በፊት ከተደረገ ሊያሳስት ይችላል። በምርመራው የትከሻ ወይም ሌላ የክንድ ጡንቻም ተነክቶ ከተገኘ የፓርሶኔጅ ተርነር ጥርጣሬ ይጠነክራል፤ ክንዱን ከክርን በታች መክፈት ትርጉም ያጣል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንድ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን የተባለ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ያዝዛሉ። የኔዘርላንድ ሐኪሞች ወደ ኋላ ተመልሰው ያነጻጸሯቸው ታካሚዎች ሕመማቸው ቶሎ እንዳጠረ ቢያሳዩም ይህ መድኃኒት በዕጣ ተከፋፍለው በተያዙ ታካሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ አልተረጋገጠም። ከዚያ በኋላ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከላይኛው ክንድ እስከ አውራ ጣት ጡንቻ ያለው መንገድ ወራት ይፈጃል። ለዚህ ነው ብዙ ሐኪሞች ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር የሚጠብቁት። የአሸዋ ሰዓት ቅርጽ በሥዕል የታየባቸውን፣ ለወራት የመዳን ምልክት ያላሳዩትን ሰዎች ግን ቀደም ብለው የሚከፍቱ ሐኪሞች አሉ፤ ከክርን በላይ ገብተው የቀጠነውን ጥቅል ይፈታሉ።

ነርቩ ከዓመት በላይ ሳይመለስ ከቀረ ጡንቻው ራሱ ይደክማል። ያኔ ቀዶ ሐኪሞች የጤነኛ ጡንቻ ጅማት ወስደው ለአውራ ጣት ጫፍ ያገናኙታል፤ የሌባ ጣትን ጅማት ከቀለበት ጣት ጅማት ጋር ይሰፉታል። ጣቶቹ እንደ ቀድሞው ባይሆኑም ይቆነጥጣሉ። በአንዳንድ ማዕከላት ደግሞ ክርንን ከሚያጥፍ ጡንቻ የተወሰደ ጤነኛ የነርቭ ቅርንጫፍ ከታመመው ጋር ይገጠማል።

ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ ሰው ይዞት ሊሄድ የሚገባው ታሪክ እንግዲህ ከጣቱ ቀደም ብሎ የሚጀምር ነው። ሕመም ነበረ ወይ? ከየት ጀመረ፣ ስንት ቀን ቆየ? ድክመቱ ከሕመሙ በኋላ በስንተኛው ቀን መጣ? ከዚያ በፊት በነበረው ወር ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ያልተለመደ ከባድ ሸክም ወይም የዓይን መቢጫት ነበረ? ከክርን ጉድጓድ ደም ተቀድቶ፣ ክንድ ታሥሮ ያውቃል? በቤተሰብ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት አለ? ለነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ፣ አንጓውን አጥፎ ጅማቱን ከመፈተሽና ሁለቱን ጣቶች ክብ ከማሠራት ጋር ተደምሮ፣ ሐኪሙ ከክርን በታች ወይስ በላይ መፈለግ እንዳለበት ያመለክተዋል።